የዳባት መዝገብና የማይደርቅ ሞዴል

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ ዳባትን አቋርጦ ያልፋል። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የያኔው የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በ1989 ዓ.ም. በዚህች ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት መከታተል ጀመረ። ሥራው የጤና ምርምር ነው። ለሶፍትዌር ባለሙያም ግን ከባድ ጥያቄ ያቀርባል፦ የሚንቀሳቀስ ሕይወት በመረጃ ቋት ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?

ቀላሉ ንድፍ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመርና አንድ የቤት ቁጥር መስጠት ነው። ይህ ንድፍ ብዙ አይቆይም። ጎልማሳው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ይመለሳል። ሙሽራዋ ወደ ባሏ ቀዬ ትሄዳለች። አባወራው ሲሞት ሚስቱ እማወራ ትሆናለች። የድሮው የቤት ቁጥር በአዲሱ ከተተካ፣ ማን የት ለምን ያህል ጊዜ እንደኖረ ይጠፋል፤ ያለዚህ መረጃ ደግሞ የሞት ምጣኔ አይሰላም።

ተመራማሪዎቹ ቤንዝለር፣ ኸርብስትና ማክሎይድ እ.ኤ.አ. በ1998 ለእንዲህ ያሉ የክትትል ጣቢያዎች ያቀረቡት ሞዴል መፍትሔውን ያሳያል። ሰውና ቦታ ለየብቻ ይመዘገባሉ። ኑሮ በሁለቱ መካከል ያለ የጊዜ ቁራጭ ነው፤ ልደት ወይም መምጣት ይከፍተዋል፣ ሞት ወይም መሄድ ይዘጋዋል። የሰውየው መለያ ግን ፈጽሞ አይነካም። ተለማጭ ንድፍ ማለት ይኸው ነው፤ የሚጸናውን ከሚለወጠው መለየት።

እንዲህ ያለ ንድፍ የሚያብራራው ሰነድም ይፈልጋል፤ ስለ ሰነድ ያለው አመለካከት ግን ተዛብቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ዩታ የተሰበሰቡ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች በጋራ መግለጫቸው ከተትረፈረፈ ሰነድ ይልቅ ለሚሠራ ሶፍትዌር ቅድሚያ ሰጡ። ብዙዎች ይህን ሰነድ ላለመጻፍ እንደ ፈቃድ ቆጠሩት። ስህተት ነው።

ደባርቅን እንመልከት። በ2010 ዓ.ም. የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ተብሎ በሦስት ሲከፈል፣ ደባርቅ የሰሜን ጎንደር መቀመጫ ሆነች። የዞኑ ስም ያው፣ ግዛቱ ግን ጠባብ! ከክፍፍሉ በፊት የነበረውን ሪፖርት ከኋለኛው ጋር የሚያነጻጽር ሰው ሕዝቡ በአንድ ጊዜ የቀነሰ ይመስለዋል። የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የመረጃ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ተቋም የመክፈቻና የመዝጊያ ቀን ይይዛል። ሆኖም አንድ ወረዳ ወደ ሌላ ዞን ሲዛወር ያለፈው መረጃም አብሮት ይዞራል፤ የቀድሞውን አደረጃጀት የሚያስታውስ ሰነድ ከሌለ ታሪኩ ይሰወራል።

ለዚህ ወፍራም ጥራዝ አያስፈልግም። ሰውን፣ ቦታንና ኑሮን በሣጥን የሚያሳይ ሥዕል፣ «ነዋሪ» የሚለው ቃል ፍቺ፣ ፍቺው የተለወጠበት ቀንና ምክንያት ይበቃሉ። በጎንደርም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት የምትነድፉ ተማሪዎች፣ ይህን ሁሉ የያዘች አንድ ገጽ ከመረጃው ጋር አኑሩ፤ ቤት ለቤት የሚዞረው መረጃ ሰብሳቢም አንብቦ እንዲያርማት በአማርኛ ጻፏት።