ከዘነበወርቅ እስከ ሞሺ፤ የቆዳ ሕሙማን ነርሶች ትምህርት ታሪክ

አማርኛ ለቆዳ ሕመም ስም አያጣም። ችፌ፣ እከክ፣ ቋቁቻ፣ ቡግንጅ፣ ለምጽ እያልን ከልጅነታችን ጀምሮ እንጠራቸዋለን። ከእነዚህ መካከል ግን አንዱ ስም ብዙ ሰው ጎድቷል። በኦሪት ዘሌዋውያን ካህኑ መርምሮ ለምጽ አለበት ያለው ሰው ከሰፈር ይወጣ ነበር። ያው ቃል በዛሬው ንግግራችን ቆዳ ቀለሙን ብቻ የሚያጣበትን፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈውን ሕመም ይጠራል። የሥጋ ደዌም ሲጀምር ብዙ ጊዜ ከአካባቢው ቆዳ ፈዘዝ ያለ ምልክት ይዞ ይመጣልና ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። ለመለየት የሚረዳው ዋናው መሣሪያ ደግሞ ቁራጭ ጥጥ ነው፤ ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ ምልክቱ በጥጥ ሲነካ ይሰማዋል ወይስ አይሰማውም? ይህን ለመጠየቅ የግድ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ መማር ግን ያስፈልጋል። በምሥራቅ አፍሪካ ይህን ዕውቀት ለነርሶችና ለመካከለኛ የጤና ባለሙያዎች የማስተማሩ ታሪክ እምብዛም አልተጻፈለትም።

በአዲስ አበባ ዳርቻ በ1930ዎቹ (እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ በእግር የመጡ ሕሙማን በዙሪያው ሰፈሩ፤ ልጅ ወለዱ፤ ሰፈሩም በዚያው ስም ተጠራ። በዚያን ጊዜ መድኃኒት ተብሎ የሚሰጠው የቻውልሙግራ ዘይት ነበር። ከ1940ዎቹ በኋላ የመጣው የዳፕሶን ኪኒን የተሻለ ቢሆንም ለዓመታት ሳይቋረጥ መወሰድ ነበረበት። ኪኒኑን የሚያድለው፣ ቁስሉን የሚያጥበው፣ የቀረውን ፈልጎ የሚያመጣው ሐኪሙ ሳይሆን ነርሷና ድሬሰሩ ነበሩ።

ትምህርቱ መልክ የያዘው በታኅሣሥ 1965 በዚያው ግቢ አለርት ሲመሠረት ነው። መንግሥት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲና የውጭ ድርጅቶች በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል ገና ከስሙ የመላው አፍሪካ ማሠልጠኛ ነኝ ብሎ ተነሣ። ከምሥረታው ጀርባ በሕንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፖል ብራንድ ሐሳብ አለ። ብራንድ የሕሙማኑን ጣትና እግር የሚበላው በሽታው ራሱ ነው የሚለውን የኖረ እምነት አፈረሰ። ነርቩ የደነዘዘ እጅ የጋለ ድስት ይዞ አይለቅም፤ የደነዘዘ እግር በጫማው ውስጥ ያለውን ጠጠር ቀኑን ሙሉ ይረግጣል። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህ ግኝት፣ በእኔ አስተያየት፣ የቆዳና የነርቭ ሕሙማንን እንክብካቤ ከሐኪሙ ማዘዣ አውጥቶ ለነርሷ ያስረከበ ነው። ከእንግዲህ መማር ያለበት ነገር ብዙ ሆነ። የእግርን መዳፍ በእስክሪብቶ ጫፍ እየነኩ የደነዘዘውን ቦታ በካርድ ላይ መመዝገብ፣ የጡንቻን ኃይል በየጊዜው መለካት፣ ነርቭ ሲቆጣ ሳይዘገይ ፕሬድኒሶሎን እንዲጀመር ማድረግ፣ ዓይኑን መክደን የተሳነውን ለይቶ ማወቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታማሚው በየቀኑ እግሩን በውኃ ዘፍዝፎ፣ የደደረውን ፍቆ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ጫማውን አራግፎ እንዲያጠልቅ ማስተማር። ለማይታመም እግር መጠንቀቅን ማስተማር ቀላል እንዳይመስለን፤ ሕመም የሌለበትን ሰው ተጠንቀቅ ማለት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከዚያ ድሉ መጣ። በ1982 የዓለም ጤና ድርጅት የጥምር መድኃኒት ሕክምናን መከረ፤ ለዓመታት ይጎተት የነበረው ሕክምና በወራት የሚያልቅ ሆነ። የሕሙማን ቁጥር ወረደ፤ በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ መርሐ ግብር በ1994 ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ተጣመረ፤ ቀስ በቀስም ወደ መደበኛው የጤና አገልግሎት ገባ። ውሳኔው ሕሙማኑን ከተለየ ግቢ አውጥቶ ከማንም ጋር እኩል ወረፋ ላይ የሚያቆም ስለነበር የሚደገፍ ነው። ነገር ግን ባክቴሪያው ከሰውነት ቢጠፋም የደነዘዘው እግር ደንዝዞ ይቀራል። ካርዱ ላይ «ሕክምናውን ጨርሷል» የተባለለት ሰው ቁስል ይዞ ሲመለስ፣ ያንን እግር አገላብጦ ማየት የሚያውቅ ባለሙያ በየጤና ጣቢያው ማግኘት እየከበደ ሄደ።

ሌላው ምዕራፍ የተጻፈው በኪሊማንጃሮ ግርጌ ነው። በ1987 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የቆዳ ሕክምና ፋውንዴሽን፣ የቆዳ ሐኪሞቻቸው በጣት በሚቆጠሩ አገሮች ስፔሻሊስት እስኪበዛ መጠበቅ እንደማያዋጣ ተረድቶ በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ፣ በትልቁ የኬሲኤምሲ ሆስፒታል ግቢ፣ አካባቢያዊ የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ከፈተ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ይህ ማዕከል የተቀበለው ሐኪሞችን ሳይሆን በሥራ ላይ የቆዩ ነርሶችንና ክሊኒካል ኦፊሰሮችን ነበር። ሁለት ዓመት ተምረው በቆዳና በአባላዘር በሽታዎች ከፍተኛ ዲፕሎማ ይይዛሉ፤ ከዚያም ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡት ወደየአገራቸው ይመለሳሉ። ሁለቱ ዘርፎች መጣመራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዘመኑ ኤችአይቪ የተስፋፋበት ሲሆን በሽታው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው አልማዝ ባለጭራን በመሰለ የቆዳ ምልክት ነበር።

በሞሺ ማዕከል ትልቅ ቦታ ከያዙት ሥራዎች አንዱ አልቢኒዝም ያለባቸውን ሰዎች መከታተል ነው። በምድር ወገብ ፀሐይ ሥር ያለ መከላከያ ቀለም መኖር ለቆዳ ካንሰር ይዳርጋል። የሠለጠነ ዓይን ቅርፊቱን ገና በጅምሩ አይቶ ያስወግደዋል፤ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስም ያዛል። በኋላ ማዕከሉ ለእነዚሁ ሰዎች የፀሐይ መከላከያ ቅባት እዚያው ማምረት ጀመረ። ችፌ ያለበት ልጅ እናትም በአንጻሩ ከየሱቁ ገዝታ የምትቀባው ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ቆዳውን እንደሚያሳሳ የሚነግራት ያስፈልጋታል። ይህን የሚነግራት ብዙውን ጊዜ ወረፋ የሚያስጠብቃት ሐኪም አይደለም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ዝሆኔ አለ። በቀይ አፈር ደጋ ላይ በባዶ እግር ከሚያርሱ ሰዎች መካከል በዘር የተጋለጡትን የሚያሳብጠው ይህ በሽታ ትል ወይም ጀርም እንደማያመጣው ያስረዳው በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጣለትም እርሱ ነው። የፕራይስ ሙያ የሥጋ ደዌ ነበር። እግርን በማየት የሠለጠነ ዓይን ሌላውንም የእግር በሽታ አየ ማለት ነው። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ችላ የተባሉ የቆዳ በሽታዎች በአንድነት እንዲታዩ የሚመክር ማዕቀፍ ሲያወጣ፣ ለአዲስ አበባና ለሞሺ የቀድሞ ሠልጣኞች ሐሳቡ እንግዳ ሊሆንባቸው አይችልም።

ለዝሆኔ የሚደረገው እንክብካቤም ያው የዘነበወርቁ ነው፤ ሳሙና፣ ውኃ፣ ፀረ ተሕዋስያን፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሲና ጫማ። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ተካሂዶ በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት ይህን እንክብካቤ የተማሩትን ገና ተራቸው ካልደረሰው ጋር አነጻጽሮ ነበር። ለቀናት አልጋ ላይ የሚጥለው የእግር መቆጣት በተማሩት ዘንድ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ።