ፊርማና አሻራ በሕግ ቋንቋ

«ፊርማ» ከኢጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። ከእርሱ በፊት ለጽሑፍ ዋናው የእምነት ምልክት ማኅተም ነበር፤ ማኅተም ግን የባለሥልጣን ነው፤ ተራው ሰው በምስክርና በዋስ ፊት በቃሉ ይዋዋል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 እንደ ደነገገው፣ ተዋዋዩ በገዛ እጁ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል በአውራ ጣቱ አሻራ ይተካዋል። ሆኖም ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው ያኖረው አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። እንግዲህ በዚያ ሕግ አሻራ የፊርማ ምትክ ነው፤ ጥበቃ የተደረገለት ምትክ።

ስለ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የቀድሞውን ስም ይዞ ነገሩን ለወጠው። ዲጂታል ፊርማ የእጅ ጽሕፈት ሳይሆን በሁለት ተጣማሪ ቁልፎች የሚከናወን ስሌት ነው፤ ከተፈረመ በኋላ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ ይታወቃል። ሕግ አውጪው አዲስ ስም አውጥቶለት ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ፊርማ የተጻፉት የቀድሞ ድንጋጌዎች ለዚህ ነገር መዋላቸው ባጠራጠረ ነበር። በአንጻሩ ቴክኒኩም ሕጉን አስገድዶታል፤ ቁልፉ የማን እንደ ሆነ የሚያስረዳ አካል በማስፈለጉ የምስክር ወረቀት ሰጪ በአዋጁ ገባ። (የጥንቱ ምስክር ወረቀት ለብሶ ተመለሰ ማለት ነው።)

ቁልፎቹን «የግል» እና «የሕዝብ» ብሎ መተርጐም ግን ያሳስታል፤ በአማርኛ ይህ ተቃራኒ ጥንድ የሚያመለክተው ባለቤትነትን እንጂ ምስጢርነትን አይደለም። «ስውር ቁልፍ» እና «ገሃድ ቁልፍ» ቢባሉ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበው «አሻራ» ነው። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የተማረውም ያልተማረውም ለፋይዳ ምዝገባ የጣቶቹን አሻራ ይሰጣል። ይህ አሻራ ሰውየው ማን እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ መስማማቱን አይናገርም። «በአሻራው አረጋገጠ» የሚለው የዘወትር አነጋገር ሁለቱን ይደባልቃል፤ ማንነቱን አስመሰከረ ወይስ ግዴታ ገባ? ፊደል ያልቈጠረች ባልቴት ጣቷን በመሣሪያ ላይ ስታኖር፣ ተርጓሚው በዚህ አንድ ግስ የተነሣ በቁጥር 1728 የተሰጣትን ጥበቃ ሊያሳጣት ይችላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ማንነትን ማስመስከር»፣ ለሁለተኛው ብቻ «መፈረም» እንዲባል ሐሳብ አቀርባለሁ።