የዩራኒየም መርዝነትና ኩላሊት፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

ዩራኒየም ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበን ጨረር ነው። ይሁን እንጂ የተፈጥሮ ዩራኒየም ጨረር ደካማ በመሆኑ፣ በፈሳሽ የሚሟሟ ውሁዱ ወደ ሰውነት ሲገባ በቅድሚያ የሚታየው ጉዳት እንደ እርሳስና እንደ ሜርኩሪ ያለ የከባድ ብረት መርዝነት ነው። ዋነኛው ተጠቂም ኩላሊት ነው።

ንጥረ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1789 የለየው ጀርመናዊው ኬሚስት ማርቲን ክላፕሮት ሲሆን፣ በ1824 ደግሞ ግሜሊን መርዝነቱን በእንስሳት ላይ አሳየ። በ1850ዎቹ ፈረንሳዊው ሌኮንት ዩራኒየም በተሰጣቸው ውሾች ሽንት ውስጥ ስኳር አገኘ። «በሽታውን የሚያመጣው ያድነዋል» በሚለው የሆምዮፓቲ እምነት መነሻነትም ዩራኒየም ናይትሬት ለስኳር በሽታ መታዘዝ ጀመረ። በ1890ዎቹ የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ዌስት በመድኃኒቱ የሕሙማኑ የሽንት ስኳር መቀነሱን ጽፎ ነበር።

ስሕተቱ ሽንትን ብቻ ተመልክቶ መፍረድ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ዩራኒየም በደም ውስጥ ከባይካርቦኔት ጋር ተጣምሮ በግሎሜሩለስ ይጣራል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ አሲዳማ እየሆነ ሲሄድ ጥምረቱ ይፈርስና ብረቱ በመጀመሪያው የቱቦ ክፍል ሕዋሳት ላይ ይጣበቃል። የተጎዱት ሕዋሳት ግሉኮስን፣ አሚኖ አሲድንና ትናንሽ ፕሮቲኖችን መልሰው መምጠጥ ይሳናቸዋል። ስለዚህ የደም ስኳር ሳይጨምር ስኳር በሽንት ሊታይ ይችላል።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር ተመራማሪዎች በእንስሳት ላይ የኩላሊት በሽታ ለማስከተል ሆን ብለው በዩራኒየም ይጠቀሙ ነበር። ይህ እየታወቀ እ.ኤ.አ. በ1946 እና በ1947 በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ስድስት ሕሙማን ዩራኒየም በደም ሥራቸው ተወጉ። ዓላማው ኩላሊትን በትንሹ የሚጎዳውን መጠን ማወቅ ነበር። መጠኑም በኪሎ ግራም ክብደት ከ6.4 ማይክሮግራም ተነሥቶ እስከ 70.9 ደረሰ። ሙከራው ለሕሙማኑ የሚሰጠው የሕክምና ጥቅም አልነበረም፤ ይህም አልተነገራቸውም። በዚያው ወቅት በኑረምበርግ የናዚ ሐኪሞች በሰው ላይ ስላደረጉት ሙከራ ለፍርድ ቀርበው ነበር። የሮቸስተሩን ጉዳይ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ያቋቋሙት አማካሪ ኮሚቴ መርምሮ ዘገባውን ያወጣው በ1995 ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ላለው ዩራኒየም ያወጣው ጊዜያዊ መመሪያ በ1998 በሊትር 2 ማይክሮግራም ነበር፤ በ2004 ወደ 15፣ በ2011 ደግሞ ወደ 30 ከፍ ብሏል። መመሪያው የተመሠረተው በጨረሩ ላይ ሳይሆን በኬሚካላዊ መርዝነቱ ላይ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለጤና ባለሙያ ሁለት ቁም ነገሮች ይተርፋሉ። አንደኛው፣ የደም ስኳሩ ጤናማ ሆኖ ሳለ በሽንቱ ስኳር የተገኘበት ሕመምተኛ የኩላሊቱ ቱቦዎች ሊመረመሩ ይገባል። ሁለተኛው፣ ዕውቀት ምንም ያህል ቢያስፈልግ ሕመምተኛው ሳያውቅና ሳይፈቅድ ከአካሉ ሊወሰድ አይገባም።