ከከፍተኛ የክብደት መቀነስ በኋላ ለወታደራዊ የአካል ብቃት ፈተና ጉልበትን መልሶ መገንባት

የመከላከያ ሠራዊት ወይም የፖሊስ ምልመላ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር በሰበታ፣ በቡራዩ እና በሱሉልታ ያሉ ወጣቶች ማልደው መሮጥ ይጀምራሉ። ከእነርሱ መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደታቸውን በብርቱ ጥረት የቀነሱ ይገኛሉ፤ በሕመም ወይም በምግብ እጥረት ከስተው ያገገሙም አይጠፉም። ሁለቱም ወገኖች አንድ የጋራ ችግር አለባቸው። ሚዛን ላይ የሚታየው ቁጥር ለምልመላ የተመቸ ቢመስልም፣ ክብደቱ ሲወርድ ጉልበትም አብሮ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ የጠፋው ጉልበት እንዴት እንደሚመለስ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ እና በመንገዱ ላይ ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ ያስረዳል።

ክብደት ሲቀንስ የሚጠፋው ምንድን ነው?

ሰው ክብደት ሲቀንስ የሚያጣው ስብ ብቻ አይደለም። ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ሳይደረግ በምግብ ቅነሳ ብቻ ከሚወርደው ክብደት ውስጥ በተለምዶ ሩብ ያህሉ ጡንቻን ጨምሮ ከስብ ውጪ ያለው የሰውነት ክፍል ነው። ከ90 ወደ 70 ኪሎ ግራም የወረደ ሰው ከቀነሳቸው 20 ኪሎዎች ውስጥ 5 ያህሉ በዚህ መንገድ የሄዱ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ቅነሳው እጅግ ፈጣን ከሆነ እና ገንቢ ምግብ ከጎደለ ኪሳራው ይበልጣል።

ውጤቱ በሁሉም እንቅስቃሴ ላይ እኩል አይታይም። የቀለለ ሰው የሚሸከመው የራሱ አካል በመቀነሱ ሩጫና ፑልአፕ ይቀሉታል። ጓዝ ግን ከሰው ጋር አይቀልም። 20 ኪሎ ግራም ሸክም ለ100 ኪሎ ሰው የክብደቱ አንድ አምስተኛ ሲሆን፣ ለ70 ኪሎ ሰው ግን ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል። በሩጫ ጥሩ ሰዓት የሚያስመዘግብ ወጣት ሸክም ይዞ በሚደረግ ጉዞ ላይ ወደ ኋላ የሚቀረው አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው።

መልካሙ ዜና ቀድሞ የነበረ ጡንቻ ከአዲስ ጡንቻ ይልቅ ፈጥኖ የሚመለስ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ ውስጥ ለዚህ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ የነበረው አበበ ቢቂላ ነው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከ5 ሳምንት ገደማ በኋላ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ በስተጀርባ የዓመታት ልምምድ እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። መሠረቱ ሳይኖር ፍጥነቱን ብቻ መመኘት ለጉዳት ይዳርጋል።

በመጀመሪያ የመክሳቱ ምክንያት ይታወቅ

አንድ ሰው ሳያስበው በ6 ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ከቀነሰ፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የማታ ላብ እና ትኩሳት ከመክሳት ጋር ከመጡ የሳንባ ነቀርሳ ሊጠረጠር ይገባል። የበሽታው መደበኛ ሕክምና 6 ወር የሚፈጅ ሲሆን፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት እና የአንጀት ጥገኛ ትላትሎችም ሰውን ያከሳሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረግ ከባድ ልምምድ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

ፈተናው የሚለካው ምንድን ነው?

የዕድሜ፣ የቁመት እና የክብደት መስፈርት በየማስታወቂያው ስለሚገለጽ፣ አመልካቹ የዓመቱን ማስታወቂያ ራሱ ማንበብ ይጠበቅበታል። የአካል ብቃት ፈተናዎች በጥቅሉ ሦስት ነገሮችን ይመዝናሉ፦ የሩጫ ጽናትን፣ የጡንቻ ጥንካሬን እና ሸክም የመቋቋም አቅምን። በሌሎች አገሮችም አቅጣጫው ተመሳሳይ ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ፈተና አምስት ክፍሎች አሉት፤ ከባድ ብረት ከመሬት ማንሳት፣ ፑሽአፕ፣ ሸክም እየጎተቱና እየተሸከሙ መሮጥ፣ ፕላንክ እና የ2 ማይል ማለትም የ3.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ሩጫ ከአምስቱ አንዱ ብቻ መሆኑ ብዙ ይናገራል። በየማለዳው መሮጥን ብቻ የሚያዘወትር አመልካች የፈተናውን ከፊል ብቻ ይዘጋጃል።

የሦስቱ ከተሞች ከፍታ እና መንገድ

በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት ሦስቱ ከተሞች ለልምምድ የተመቸ ከፍታ አላቸው። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር፣ ሱሉልታ ደግሞ ከ2,600 ሜትር ከፍ ይላሉ፤ ቡራዩ በሁለቱ መካከል ይገኛል። በሱሉልታ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። አትሌቶች ሱሉልታን የመረጡት፣ ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ ትራኩን በዚያ የሠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከክሳት ያገገመ ሰው ግን ይህን ከፍታ እንደ ተጨማሪ ሸክም ሊቆጥረው ይገባል። ደም ማነስ ካለበት ትንፋሹ ፈጥኖ ያጥራል፤ ስለዚህ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የደም ምርመራ ማድረግ ይጠቅመዋል። በሌላ በኩል ለሥልጠና የሚወሰድ ሰው እንደ ሁርሶ ወዳለ ሞቃታማ ቆላ ሊመደብ ይችላል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈልግ፣ ደገኛው ምልምል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ አብዝቶ መጠጣት እና ራሱን መጠበቅ አለበት።

የመሮጫ ቦታም በጥንቃቄ ይመረጥ። የጅማ፣ የአምቦ እና የጎጃም አውራ መንገዶች ከባድ ተሽከርካሪ የሚበዛባቸው በመሆናቸው፣ ጎህ ሳይቀድ በጠርዛቸው መሮጥ ለአደጋ ያጋልጣል። የጅብ ስጋት ባለበት አካባቢ ደግሞ ብርሃን እስኪወጣ መጠበቅ እና በቡድን መውጣት ይመረጣል። የሣር ሜዳና የአፈር መንገድ ከአስፋልት ይልቅ ለጉልበት መገጣጠሚያ ይራራሉ።

የ12 ሳምንት መርሐ ግብር

ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ሲጠነክር፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። መርሐ ግብሩ የሚዘጋጀው ዘግይቶ በሚጠነክረው ልክ ነው።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት፦ ጥንካሬን የሚገነባ ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመካከሉ አንድ ቀን ዕረፍት እየተደረገ ይሠራል። ቁጭ ብድግ፣ ፑሽአፕ እና ፕላንክ ይበቃሉ። ፑሽአፕ የከበደው ሰው እጁን በግድግዳ፣ ቀጥሎም በአግዳሚ ወንበር ላይ አሳርፎ ይጀምር። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ወይም ሦስት መድገም የሚያስችል አቅም ሲቀር ማቆም እንጂ እስከ መውደቅ መሥራት አያስፈልግም። በቀሩት ቀናት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ በቂ ነው።

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት፦ ሸክም ይጨመራል። ውኃ የተሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ግራም፣ በግማሽ የተሞላው ደግሞ 10 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ክብደቱን ለመቆጣጠር ይመቻል። በሁለት እጅ ሁለት ጀሪካን ይዞ መራመድ ጀርባን፣ ትከሻንና የእጅ ጭብጥን በአንድ ጊዜ ያጠነክራል። ከመሬት ሲነሳ ጀርባ ቀጥ ብሎ፣ ጉልበት ታጥፎ፣ ኃይሉ ከጭን መምጣት አለበት። እርምጃው ቀስ በቀስ ወደ ሶምሶማ ይለወጣል፤ የሳምንቱ ርቀት ከቀደመው ሳምንት ከ10 በመቶ ብዙም ባይበልጥ ይመረጣል።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሳምንት፦ በሳምንት አንድ ቀን የሸክም ጉዞ ይደረጋል፤ የመጀመሪያው ሸክም ከራስ ክብደት አንድ አሥረኛ አይብለጥ። በሌላ ቀን አቀበት ላይ አጫጭር ሩጫ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ የፈተናው ሙሉ ልምምድ አንድ አንድ ጊዜ ይሞከራል። ከፈተናው በፊት ያሉት ሦስትና አራት ቀናት የዕረፍት ናቸው።

አርሶ አደር ወጣቶች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። እርሻ፣ አጨዳ እና ጭነት ራሱ ጉልበት ይጠይቃል። የአጨዳ ሰሞን ቀኑን ሙሉ የዋለ ሰው ማታ ተጨማሪ ከባድ ልምምድ ቢያክል ሰውነቱ የሚጠገንበት ጊዜ ያጣል። በእንዲህ ያለው ሳምንት ልምምዱን በግማሽ መቀነስ ስንፍና አይደለም። 50 ኪሎ የሚመዝን የማዳበሪያ ጆንያም የዕለት ሥራ ሸክም እንጂ የጀማሪ መለማመጃ አይደለም።

ጉልበት ከማዕድ ይጀምራል

በልምምድ ላይ ያለ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ የክብደት ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ጡንቻው ይመለሳል። ለ65 ኪሎ ሰው ይህ ከ78 እስከ 104 ግራም ነው። መጠኑ ሥጋ ሳይኖርም ይሟላል። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም፣ ባቄላ 26 ግራም ገደማ፣ ሽምብራ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን አላቸው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ይሰጣል። በቀን 200 ግራም ጥራጥሬ በሽሮ፣ በክክ ወይም በቆሎ መልክ፣ ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ብርጭቆ ወተትና ሁለት የጤፍ እንጀራ የሚመገብ ሰው 90 ግራም አካባቢ ያገኛል። በጾም ወቅት ጥራጥሬውን መጨመር፣ ኦቾሎኒና ተልባ ማከል ክፍተቱን ይሞላሉ። በረመዳን ደግሞ ጥንካሬን የሚገነባው ልምምድ ከአፍጥር በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ቡናና ሻይ ምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚቀንሱ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይተው ቢጠጡ ይመረጣል። ሎሚ፣ ቲማቲም እና ቃሪያ ደግሞ ብረቱ በሚገባ እንዲዋሃድ ያግዛሉ።

በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ጓያ ነው። ጓያ ዋጋው ርካሽ፣ ፕሮቲኑም ብዙ በመሆኑ ለጡንቻ ገንቢ ይመስላል። ነገር ግን ለሁለትና ሦስት ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲዘወተር በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በሽታው ወጣት ወንዶችን በብዛት ያጠቃል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ ለልምምድ የሚሆነው ሽሮ ከሽምብራ፣ ከባቄላ ወይም ከአተር መዘጋጀቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ልምምድ ወዲያው የሚቆምባቸው ምልክቶች

የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር እና እንደ ሻይ የጠቆረ ሽንት የአደጋ ምልክቶች ናቸው። በተለይ ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንት መጥቆሩ ጡንቻ ተሰባብሮ ኩላሊትን እየጎዳ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል ፈጥኖ ሆስፒታል መድረስ ይጠይቃል። አንድ ቦታ ላይ የሚጠዘጥዝና እየባሰ የሚሄድ የቅልጥም ሕመም የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። የወር አበባ የቀረባት ሴት ሰልጣኝ ሌላ ምክንያት ከሌለ ምግቧ ከልምምዷ ማነሱን ሊያመለክት ስለሚችል ባለሙያ ማማከር አለባት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ የጡንቻ ማፋፊያ መርፌም ሆነ ኪኒን ልብንና ጉበትን ይጎዳል።

ማስታወቂያ ወጥቶ ፈተና እስኪደርስ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። በሁለት ሳምንት ሩጫ የሦስት ወር ጉልበት አይገዛም። ለሚቀጥለው ምልመላ የሚያስብ ወጣት የሚጀምርበት ጊዜ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ነው፤ የዘንድሮው ዙር ያለፈውም ቢሆን ጉልበቱን ገንብቶ ለከርሞ መቅረብ ይችላል። ተጎድቶ ከመመለስ ዘግይቶ መድረስ ይሻላል።