ሐኪም ለመሆን የተሄደው መንገድ

በአገራችን የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይከፈት በፊት ሐኪም መሆን ማለት መጀመሪያ መንገደኛ መሆን ማለት ነበር። ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ ከዚያ አሥር ዓመት ገደማ ዘግይቶ መጣ። ከዚያ በፊት ዶክተር ሊባል የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። እኛ ማትሪክ አልፈን፣ ሻንጣና ብርድ ልብስ ይዘን ዶርም ስንገባ ይሄ ታሪክ ትዝ አላለንም። እንዴት ትዝ ይበለን፤ አናቶሚ መቼ ፋታ ሰጠን!

ለዚህ መጽሔት ውጭ ሄደው ስለተማሩ ሐኪሞች ጻፊ ስባል ያሰብኩት ሁለት ቀዳሚዎቻችንን ነው። ሁለቱም ረጅም መንገድ ሄደዋል። እኔን የገረመኝ ግን የመንገዱ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ በየማረፊያው ማን ተቀበላቸው የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እርሳቸው መንገዱን የጀመሩት ተማሪ ሆነው አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲያልፉ ገና ሦስት አራት ዓመት ቢሆናቸው ነው። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ የተለየውን ሕፃን አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ከጦሩ ጋር ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። ያ መኮንን ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ ሰው የትምህርቱን ወጪ ቻለ። በውጭው ዓለም ቻርልስ ማርቲን የተባሉት በእነዚህ ሰዎች ስም ነው። ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ፣ ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አዳበሩ፣ ከዚያም በርማ ውስጥ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በሐኪምነት አገለገሉ።

የአድዋን ድል ከሰሙ በኋላ ወደማያውቁት አገራቸው ተነሡ። ያን ጊዜ የባቡር ሐዲድ የለም። ከባሕሩ ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ የበቅሎና የግመል ነው፤ በሳምንታት ይቆጠራል። ሲደርሱ አማርኛው ከአፋቸው ጠፍቷል። ወሬው ተሰምቶ ዘመድ ሲፈላለግ አያታቸው መጡ፤ በልጅነታቸው ሰውነታቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ አይተው ልጃችን ነው አሉ። ወርቅነህ የሚለው ስማቸውም የተመለሰላቸው ያኔ ነው። እኛ ሐኪሞች ገላ አይተን በሽታ እንለያለን፤ እኚያ አያት ግን ጠባሳ አይተው ሰው ለዩ። ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ የፈጀ መንገድ ያበቃው ወረቀት ያረጋገጠ ባለሥልጣን ስለነበረ ሳይሆን፣ የሚያውቃቸው ሰው ስለጠበቃቸው ነው።

ሁለተኛው ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። እርሳቸው እንኳ ወስነው፣ ተልከው የሄዱ ናቸው። በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ከጓደኞቻቸው ጋር በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ወደ ሕንድ ለትምህርት ሲላኩ ዕድሜያቸው ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ ባቡሩ አዲስ አበባ ገብቷል፤ 784 ኪሎ ሜትሩን እስከ ጅቡቲ ለመጨረስ ግን ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ሌሊት ስለማይሄድ አዋሽና ድሬዳዋ ላይ እየታደረ። ከጅቡቲ ወዲያ መርከብ ነው።

ሕንድ አልተስማማቸውም። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረው የዘር አድልዎ አስመርሯቸው ብዙም ሳይቆዩ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። እዚያም ፕሬዚዳንት ዋረን ሃርዲንግን ለማግኘት በቁ፤ ትምህርታቸውንም ኦሃዮ ውስጥ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ባለው መስኪንገም ኮሌጅ ጀመሩ። እስቲ አስቡት፤ ያላሰቡት አገር፣ ያልለመዱት ብርድ፣ ደብዳቤ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ወራት የሚፈጅበት ዘመን። ዛሬ ኢንተርኔት ለአንድ ቀን ሲጠፋ እናቶቻችን የሚሆኑትን እናውቃለን!

ለሕክምና ትምህርታቸው የመረጡት ዋሽንግተን የሚገኘውን የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ ሃዋርድን ነው። ምርጫው ክብደት ነበረው። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም፣ ቢቀበሉም ከጥቂት አያልፉም ነበር። አብዛኞቹን ጥቁር አሜሪካውያን ሐኪሞች ያወጡት ሃዋርድና ናሽቪል ያለው ሜሃሪ ናቸው። መላኩ ሃዋርድ የገቡት ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር አብረው ለመኖርም ጭምር ነው። ዶሮቲ ሃድሊን ያገቡትም በተማሪነታቸው ዘመን ነበር። በ1927 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመርቀው ከቤተሰባቸው ጋር አገራቸው ገቡ። ከአዲስ አበባ ከወጡ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል ማለት ነው።

የገቡት ደግሞ ለጦርነት ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። አዲሱ ዶክተር የንጉሠ ነገሥቱ የግል ሐኪም ሆኑ፤ በስደቱም ተከተሉ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተላኩና ለአገራቸው ድጋፍ ያሰባስቡ ጀመር፤ በ1929 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተቋቋመው በእርሳቸው አስተባባሪነት ነው። ሐኪም ወርቅነህም በዚያው ሰዓት ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት መልእክተኛ ነበሩ። ሁለት ሐኪሞች፣ ሁለቱም ጆሮ መስሚያቸውን አስቀምጠው፣ በተማሩበት ቋንቋ ለአገራቸው ጠበቃ ቆሙ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ እንግሊዝ ተምረው የተመለሱ ነበሩ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ገደሏቸው። የተማረ ወደ አገሩ ሲመለስ ምን ሊያስከፍለው እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ታዲያ የዛሬው መንገድ አጠረ? አውሮፕላኑማ በአንድ ሌሊት ያደርሳል። የረዘመው ከአውሮፕላኑ በፊት ያለው ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የወጪ መጋራት፣ ከመሥሪያ ቤት ሪሊዝ፣ ማኅተም በማኅተም ላይ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ፣ ለቲቢ ምርመራ የደረት ራጅ። የፈተናው ክፍያ በዶላር ነው፤ ደመወዙ በብር። አብራኝ የሠራች አንዲት ወጣት ሐኪም የአንድ ዓመት ሥልጠና አግኝታ ቪዛው የወጣላት ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። በትራንዚት አደረች፤ ደረሰች፣ ሻንጣዋ ግን አልደረሰም። ይሁንና ከእኛ ስድስት ባች ቀድሞ የተመረቀ ሲኒየር፣ በመልክ እንኳ የማያውቃት፣ ካፖርት ይዞ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። “ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው” ብላ ጻፈችልኝ። ቀላል እንዳልነበረ በኋላ ነግራኛለች፤ ቢሆንም ገብቶኛል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው ይህን ነው፦ ረጅም መንገድ የሚያጥረው በማረፊያው ሰው ሲኖር ነው። ለወርቅነህ የትምህርት ወጪ የቻለ ሰውና የለየች አያት ነበሩ። ለመላኩ የላካቸው መንግሥት፣ የተቀበላቸው ኮሌጅና ሃዋርድ ያገኙት ወገን ነበር። የዛሬው ተማሪ ብዙውን ጊዜ በራሱ ኪስ፣ በራሱ ፍለጋ ነው የሚሄደው። ማረፊያው እኛ ነን። የዚህ ትምህርት ቤት ምሩቅ የሌለበት ትልቅ ከተማ ቢፈለግ ጥቂት ነው። በየከተማው አንድ የሚደወልለት ሰው ስሙን ለማኅበሩ ቢሰጥ ምን ይከብዳል? መምህራኖቻችንስ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቁ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ቢጽፉ? ሊመለስ የሚያስበውም፣ ለሁለት ሳምንት ዎርድ ላስተምር የሚለውም፣ “የት ነበርክ?” ከመባል በፊት “እንኳን መጣህ” ይባል።

“ሄደው ቀሩ” የሚለውንም ቃል ቀስ ብለን ብንጠቀምበት ደስ ይለኛል። ዶክተር መላኩ በያን በ1932 ዓ.ም. በሳንባ ምች አሜሪካ ላይ ሞቱ። አርባ ዓመት ገደማቸው ነበር፤ አገራቸው ነፃ ልትወጣ አንድ ዓመት ሲቀራት። መዝገብ ብቻ ላየ ሰው እርሳቸውም ሄደው የቀሩ ናቸው። የመጨረሻዎቹን ዓመታት በምን እንዳሳለፏቸው የሚያውቅ ግን እንደዚያ አይላቸውም።