የራስ ቁሩን ማን ይመርምረው? ከአማተር የመኪና ውድድር እስከ ሄርማታ መንገድ

ሄርማታ ከጅማ ነገሥታት ዘመን ጀምሮ በሐሙስ ገበያው የታወቀ ሥፍራ ነው። በዚያን ጊዜ ነጋዴው በእግሩና በበቅሎው ይመጣ ነበር። ዛሬ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከሰቃ ወደ ጅማ የሚያደርሱት መንገዶች በሞተር ብስክሌት፣ በባጃጅ፣ በሚኒባስና ቡና በጫኑ አይሱዙዎች የተሞሉ ናቸው። ከሞተረኞቹ መካከል አንዱ ብዙዎች ሄልሜት የሚሉትን የራስ ቁር አጥልቆ ከአገጩ ሥር አጥብቆ አስሮታል። ሁለተኛው አጥልቆታል፤ ማሰሪያው ግን ተፈትቶ በነፋስ ይወዛወዛል። ሦስተኛው በክንዱ ላይ አንጠልጥሎታል፤ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ ያጠልቀዋል። ሦስቱም ቢጠየቁ «ሄልሜት አለኝ» ይላሉ፤ አልዋሹም።

የመከላከያ ዕቃ መያዝና በዕቃው መጠበቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በውድ ዋጋ የተማሩት የመኪና ተወዳዳሪዎች ናቸው። በተለይም ለደመወዝ ሳይሆን ለስፖርቱ ፍቅር ሲሉ በገዛ መኪናቸውና በገዛ ገንዘባቸው የሚወዳደሩት አማተሮች ትምህርቱን በሞት ነው ያገኙት። እ.ኤ.አ. በ1956 ፒት ስኔል የተባለ አሜሪካዊ የስፖርት መኪና ተወዳዳሪ በውድድር ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። የራስ ቁር አድርጎ ነበር፤ ቁሩ ግን ሊያድነው አልቻለም። በዓመቱ ጓደኞቹ በስሙ የመታሰቢያ ድርጅት አቋቋሙ። ከእነርሱ አንዱ ራሱ ተወዳዳሪ የነበረው ሐኪም ጆርጅ ስናይቭሊ ሲሆን፣ በገበያ ላይ ያሉትን የራስ ቁሮች እየሰበሰበ በመምታት ይፈትን ነበር። ብዙዎቹ ለመልክ ካልሆነ በቀር ለጭንቅላት የሚረቡ ሆነው አልተገኙም። የስኔል ድርጅት መለኪያ ዛሬም በብዙ የውድድር ቦታዎች የመግቢያ መስፈርት ነው።

ለሞተር ብስክሌት ነጂዎች ደግሞ ሌላ ሞት ነበረ። «የዓረቢያው ሎረንስ» በመባል የሚታወቀው እንግሊዛዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1935 በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ከሞተሩ ላይ ወደቀ፤ ከስድስት ቀን በኋላም ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሂዩ ኬርንስ ነገሩ ከልቡ አልወጣም። በጦርነቱ ጊዜ በወታደር ሞተረኞች ላይ ጥናት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1941 ውጤቱን አሳተመ። የእንግሊዝ ጦርም በዚያው ዓመት ሞተረኞቹ ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ የራስ ቁር የሞተረኛን የሞት ዕድል በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

የራስ ቁር ጭንቅላትን የሚያድነው በጥንካሬው ብቻ አይደለም። ከውጭ ያለው ጠንካራ ቅርፊት ምቱን ያሰፋዋል፣ ስለት ያለውንም ነገር ይመክታል። ዋናው ሥራ ግን ከውስጥ ያለው፣ ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ የሚገኘውን ነጭ ፎም የመሰለው ንጣፍ ነው። ፎሙ በምት ጊዜ ተጨፍልቆ ጭንቅላቱ በቅጽበት ሳይሆን በጥቂቱም ቢሆን በዝግታ እንዲቆም ያደርጋል። አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከባድ ምት የተቀበለ የራስ ቁር ከውጭ ጭረት ብቻ ቢታይበትም ሥራውን ጨርሷል። የሳልባጅ ሄልሜት አደጋም ይህ ነው፦ ከዚህ ቀደም የማንን ጭንቅላት እንዳዳነ ገዢው ሊያውቅ አይችልም።

በመኪና ውስጥ የራስ ቁርን ተግባር በከፊል የሚሠራው የደህንነት ቀበቶ ነው። ዛሬ በየመኪናው ያለውን ከትከሻና ከወገብ በሦስት ነጥብ የሚይዝ ቀበቶ የሠራው የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1959 ነበር። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ለሌሎች አምራቾችም ክፍት አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር በፊት ወንበር የሚቀመጡትን ሰዎች የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በአገራችን ሾፌሩ ሲያስር ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ቀበቶውን ከወንበሩ ሥር ቀብሮ መሄዱ የተለመደ ነው። በግጭት ጊዜ ግን ያላሰረው የኋላ ተሳፋሪ ከፊቱ ባለው ሰው ላይ ይወረወራል።

በውድድር መኪና ቀበቶው ትከሻን፣ ወገብንና ጭንን አንድ ላይ ከወንበሩ ጋር ስለሚያስር ሌላ ችግር አመጣ፤ ሰውነት ሲቆም ጭንቅላት ወደ ፊት ይወነጨፋል፣ በዚያም ምክንያት የራስ ቅል ሥር ይሰበራል። ለዚህ መፍትሔ ያበጁት ሮበርት ሃባርድ የተባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህርና ተወዳዳሪው የሚስታቸው ወንድም ጂም ዳውኒንግ ናቸው። ሐንስ የተባለው መሣሪያ ከትከሻ ላይ ተቀምጦ የራስ ቁሩን በማሰሪያ ይይዛል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቢኖርም ብዙ ተወዳዳሪዎች «ያጨናንቃል» እያሉ ይተዉት ነበር። ከእነዚህ አንዱ ዝነኛው ዴል ኧርንሃርት ነው፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2001 በዳይቶና የመጨረሻ ዙር ላይ ግድግዳ መትቶ በዚሁ ዓይነት ጉዳት ሞተ። በዚያው ዓመት በውድድሩ የጭንቅላትና የአንገት መያዣ ግዴታ ሆነ።

ኅዳር 20 ቀን 2013 ዓ.ም. በባሕሬን የታየው ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ነበር። የሮማን ግሮዣን መኪና የብረት አጥር ሰብሮ ለሁለት ተከፈለና በእሳት ተያያዘ። ሾፌሩ 28 ሰከንድ ገደማ በእሳቱ ውስጥ ቆይቶ በገዛ እግሩ ወጣ፤ እጆቹ ተቃጠሉ እንጂ ሕይወቱ ተረፈች። ራሱን ከአጥሩ የጠበቀው ከመቀመጫው በላይ ያለው የብረት ቀስት፣ የራስ ቁሩ፣ ቀበቶው፣ የአንገት መያዣውና እሳትን ለጊዜው የሚቋቋመው ልብስ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል ኖሮ ሌሎቹ ብቻቸውን ይበቁ ነበር ማለት አይቻልም።

የአማተር ውድድር ከዚህ የሚለየው ዕቃውን የሚገዛው ራሱ ተወዳዳሪው በመሆኑ ነው። ሥርዓት ባለው ውድድር ላይ መኪናው ከመግባቱ በፊት የቴክኒክ መርማሪ ይቆማል፤ የራስ ቁሩን መለያ ያነባል፣ የቀበቶውን ዘመን ያያል፣ በመኪናው ውስጥ የተበየደውን የብረት ቱቦ ቅርጫትና የእሳት ማጥፊያውን ይፈትሻል። ለሞተር ብስክሌት የተሠራን የራስ ቁር ለመኪና ውድድር ይዞ የመጣ ሰው በብዙ ቦታ ይመለሳል፤ የመኪናው ዓይነት የውስጥ ንጣፉ እሳት እንዲቋቋም ሆኖ የሚሠራ ሲሆን የሞተሩ ግን አይደለም። መርማሪው ግን በሩ ላይ ያለውን ያያል እንጂ ባለፈው ወር ከጠረጴዛ ላይ የወደቀውን አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሃይላንድ ራሊ የሚባል ረጅም የመኪና ውድድር ይካሄድ ነበር። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ግን ውድድር የሚባለው ነገር መርማሪም መነሻ መስመርም የለውም። በሰርግ አጀብ አንዱ መኪና ሌላውን ሊቀድም ሲሽቀዳደም፣ ሙሽራውን የሚያጅቡት ወጣቶች በመስኮት ግማሽ አካላቸውን አውጥተው ሲጨፍሩ፣ ቪዲዮ ቀራጩ በተከፈተ የኋላ ኮፈን ላይ ተቀምጦ ሲቀርጽ ማየት ብርቅ አይደለም። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ከገንዘቡ ጋር ሞተሩም ይበዛል፤ ሁለት ጓደኛሞች በጠራ አስፋልት ላይ ሲገናኙ መሽቀዳደም ይጀምራሉ። ማንም ውድድር ብሎ አልጠራውም፤ ፍጥነቱ ግን የውድድር ነው።

የፍጥነት ጉልበት በእጥፍ ብቻ አያድግም። ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲታለፍ የምቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከዛፍ ጋር መላተም ከ14 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከአራት ፎቅ ገደማ፣ ከመውደቅ ጋር ይስተካከላል። ከጣሪያ ላይ ለመዝለል የሚፈራ ሰው ይህን ፍጥነት በቲሸርትና በነጠላ ጫማ ይደፍረዋል።

ሕጉም ስለ ኃላፊነት የሚናገረው አለው። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቀበቶና የራስ ቁር ማድረግን ግዴታ አድርጓል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2068 በስፖርት ጨዋታ ላይ ሌላ ተጫዋችን ወይም ተመልካችን የጎዳ ሰው ተንኮል ካልሠራ ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ ካልጣሰ አይጠየቅም ይላል። ይህ ግን ደንብ ላለው ስፖርት የተባለ ነው፤ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚደረግ መሽቀዳደም የሚጠለልበት ደንብ የለውም። እንዲያውም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 የተደነገጉ ሕጎችን ወይም ደንቦችን ጥሶ በቸልተኝነት ሰው ለገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል።

ብዙ የቡና ነጋዴዎችና አርሶ አደሮች የማያውቁት ሌላው ድንጋጌ ቁጥር 2081 ነው። የመኪና ወይም የሞተር ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። ለወንድሙ ልጅ «ገበያ ደርሰህ ና» ብሎ ቁልፍ የሰጠ አባወራ የልጁን ፍጥነት ዕዳ ሊከፍል ይችላል ማለት ነው። ቁጥር 2098 ደግሞ ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ካሳው በዚያው ልክ እንዲቀነስ ያደርጋል። ስለዚህ የራስ ቁሩን በክንዱ አንጠልጥሎ የተገጨ ሰው ከጭንቅላቱ ጉዳት ሌላ ካሳው ላይም ክርክር ሊነሳበት ይችላል።

የራስ ቁር ሲገዛ በቅድሚያ የሚታየው ቀለሙ ሳይሆን ልኩ ነው። ግንባርንና ጉንጭን ዙሪያውን እኩል መያዝ አለበት፤ ታስሮ ጭንቅላት ሲነቀነቅ ለብቻው መንቀሳቀስ የለበትም። ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ ከኋላ በኩል ወደ ፊት ሲገፋ ከራስ ላይ ከወጣ በአደጋም ጊዜ ይወጣል። በማሰሪያውና በአገጭ መካከል ከሁለት ጣት በላይ ማስገባት የሚቻል ከሆነ ላልቷል። ውስጡ ፎም የሌለው፣ ቅርፊትና ጨርቅ ብቻ የሆነ ከግንባታ ሠራተኛ ቆብ አይሻልም። በቤንዚን ወይም በቀለም መቀባት ቅርፊቱንና ፎሙን ስለሚያበላሽ በውኃና በለስላሳ ሳሙና ብቻ ይታጠባል። ያልወደቀ ቢሆንም በአምስት ዓመት ገደማ መለወጥ ይመከራል፤ ላብና ፀሐይ ያዳክሙታልና። ከኋላ ለሚቀመጠው ሰውም ሌላ ያስፈልጋል። እናት ልጇን ይዛ ከኋላ ስትቀመጥ የራስ ቁር ያለው ብቸኛው ሰው ነጂው መሆኑ በመንገዶቻችን ላይ በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው።

አደጋ ከደረሰ በኋላ የወደቀውን ሞተረኛ የራስ ቁር ጎትቶ ማውለቅ አንገቱ የተጎዳ ከሆነ ጉዳቱን ያብሰዋል። ሰውዬው የሚተነፍስ ከሆነ ቁሩን ሳይነኩ መስታወቱን ብቻ ከፍቶ፣ ጭንቅላቱንና አንገቱን ባለበት ይዞ እርዳታ መጠበቅ ይሻላል። ትንፋሹ ከተቋረጠ ግን ማውለቅ ግድ ነው፤ ይህም በሁለት ሰው ይሠራል፣ አንዱ አንገቱንና አገጩን ሲደግፍ ሌላው ቁሩን ወደ ጎን እየከፈተ ቀስ አድርጎ ያወጣል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። የአካባቢው ከባድ ጉዳተኞች የሚላኩት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሲሆን፣ የተጎዳውን ሰው በባጃጅ ወንበር ላይ አጥፎ ከመውሰድ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝቶ ማድረስ ይገባል። የራስ ቁሩም ከሰውዬው ጋር ወደ ሐኪሙ ቢደርስ መልካም ነው፤ ሐኪሙ ምቱ በየት በኩል እንዳረፈ ከእርሱ ላይ ሊያነብ ይችላል።