ሐጂ፣ ቢላልን ማን ዳረው?

ስሙኝማ! የምነግራችሁ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ቤት የገባ ነገር ነው። የደሴ ልጅ የሐረሪ ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሎቹ ሐረር ጀጎል ደርሰው፣ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ካጌጠ ቤት ገቡ፤ ነደባው፣ ማለትም መደቡ ላይ በየማዕረጋቸው ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ፤ ቡና ቀረበ። ነገሩ ሲነሣ አባትየው ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጁን አልጠላሁትም፤ ሶላቱን አውቃለሁ። ግን የልጅ ልጄ በምን ቋንቋ ያናግረኛል?» አሉ።

ይቺን ጥያቄ አትናቋት። በቁጥር ትንሽ ሆኖ፣ በአንድ ከተማ ግንብ ውስጥ ቋንቋውን ለዘመናት ጠብቆ የኖረ ሕዝብ ጥያቄ ናት።

ሸሪዓው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የተጋቢዎቹ ፈቃድ፣ ወሊይ (የሙሽራዋ ዳሪ)፣ ሁለት ምስክር፣ መህር (ለሙሽራዋ የሚሰጥ ጥሎሽ)። ብሔር የለበትም። በእርግጥ ሐረር የሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት ለጋብቻ አቻነት ዘርንም ቆጥረዋል፤ ኢማም ማሊክ ደግሞ ዲኑን አስቀድመዋል። ሆኖም በሻፊዒዎቹም ዘንድ ልጅቷና ወሊይዋ ከተስማሙ ኒካሁ ይጸናል። ወሊዩ ያለ በቂ ምክንያት አቻዋን ቢከለክላት ሥልጣኑ ወደ ቃዲው ይዞራል። ስለዚህ በሩን የያዘው ኪታቡ ሳይሆን ልማዱ ነበር።

ልጅቷስ? በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ እንዲመሠረት ይላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ጉዳይ የሚያየውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄዳ መፈረም ትችል ነበር። አልሄደችም። አባቷ በአፋቸው «ዳርኩህ» እንዲሉላት ፈለገች። እኔ ይህን ፍርሃት አልለውም፤ ድፍረት ነው።

ከሽማግሎቹ አንዱ፣ የወሎ ሼህ፣ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ሐጂ፣» አሉ፣ «የሐበሻውን ልጅ ቢላልን ማን ዳረው? የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍን እህት፣ የቁረይሽን ልጅ፣ አግብቷል ሲባል አልሰሙም? ዘር አልቆጠሩበትም።»

«ሰምቻለሁ» አሉ አባትየው። «ቢላል ግን ዐረብኛ ያውቅ ነበር።»

ይሄኔ አክስትየው ከጓዳ ብቅ አለች። «ልጅቷ ላከችኝ። ሐረሪኛውን ለልጆቼ የማስተምረው እኔ ነኝ፣ እሱም ከእነሱ ጋር ይማራል ብላለች። እሱንም ጠይቄዋለሁ፤ እሺ ብሏል።»

አባትየው ወደ ሼሁ ዞረው መህሩ ስንት እንደሆነ ጠየቁ። መህሩ የልጅቷ ነውና፣ ስንት እንደምትል እንድትጠይቃት አክስትየው ወደ ጓዳ ተመልሳ ተላከች።